ይድነቃቸው ተሰማ፦ በሜዳ አጥቂ፣ በጉባኤ ተከላካይ

አዲስ አበባ፦ የእግር ኳስ ተመልካች አጥቂን ባስቆጠረው ግብ ያስታውሰዋል፤ ተከላካይን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው በተሳሳተበት ቀን ነው። ያልገባ ግብ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍምና። የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት እነዚህን ሁለት ሚናዎች አንድ ላይ የያዘ ነው። በሜዳ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግቦችን ያስቆጠሩ አጥቂ ነበሩ። በጉባኤ አዳራሾች ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል የአፍሪካን እግር ኳስ በር ሲጠብቁ የኖሩ ተከላካይ ሆኑ። የመጀመሪያው ሥራቸው በቁጥር ይነገራል፤ ሁለተኛውን ለማየት ግን መላ ዘመናቸውን መከተል ያስፈልጋል።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም በዕለተ እንቁጣጣሽ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመኑ ስመ ጥር ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም ገደማ ወደ ጀርመን ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በዜማ አዋቂነታቸው ከቤተ መንግሥት እስከ መንደር የታወቁ፣ ለልጅ ኢያሱም ቅርብ የነበሩ ናቸው። ልጃቸው የአባታቸውን የንግግር ጸጋ ወርሰዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወረሱትን ቃል የተጠቀሙበት ግን በማሲንቆ ሳይሆን በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የጣሊያን ጦር ወደ መሀል አገር እየገሰገሰ በነበረበት በ1928 ዓ.ም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ ወጣቶችን ሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስ የተሰኘውን የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱ። ይድነቃቸውም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ የዚህ ቡድን ተጫዋች ሆኑ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ በወራሪው ጦር እጅ ገባች። የፋሽስቱ አስተዳደር ነጭንና ጥቁርን በሕግ ለየ፤ ስፖርቱም ከዚህ አላመለጠም። የጣሊያኖች ቡድን ለብቻው፣ የኢትዮጵያውያኑ ለብቻው ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እንዲባል ተገደደ። ወጣቱ ተጫዋች በገዛ አገሩ፣ በገዛ ከተማው፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከማን ጋር መጫወት እንደሚችልና እንደማይችል ሌላ ሰው ሲወስንበት አየ። ይህን ያየ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በካርቱም ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲቀርብለት ለምን እንዳልተቀበለ ለመረዳት አይከብድም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የከተማዋ እግር ኳስ አዲስ መልክ ያዘ። በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር። ያም ሆኖ ትናንት በሕግ ተለያይተው የነበሩ ሰዎች አሁን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት ቆሙ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር ያገኘው በ1942 ዓ.ም ነው።

ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም ድረስ ለሃያ ሦስት ዓመታት የአንድ ቡድን ማሊያ ለበሱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታዎች ተሰልፈው 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። በዚያ ዘመን ተጫዋችነት የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ሥራ አልነበረም። ኳሱን የሚያንከባልለው ሰው ራሱ ሜዳውን ያዘጋጃል፣ ደብዳቤውን ይጽፋል፣ ውድድሩን ያደራጃል። ይድነቃቸውም እየተጫወቱ የአገሪቱን የስፖርት አስተዳደር ከመሠረቱ ካቆሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

የካቲት 1949 ዓ.ም የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ የእግር ኳስ ተወካዮች በካርቱም ተገናኙ። ዓላማቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመሥረትና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ማካሄድ ነበር። ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ ጋር የተቀመጡት ይድነቃቸው ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ ከባዱ ጉዳይ የደቡብ አፍሪካ ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ የያዘ ቡድን ለመላክ እንጂ ቅልቅል ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ አልሆነም። ሌሎቹ መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ውጭ ሆነች፤ ዋንጫው በሦስት አገሮች መካከል ብቻ ተካሄደ።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ገና በተወለደ ዕለት ከአራት አባላቱ አንዱን ያጣ ድርጅት ነገ ይቆማል ብሎ የሚተማመን ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሊገጥማት የነበረው ጨዋታ በመቅረቱ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሜዳ የተገኘው ውጤት ያ ነው። ከሜዳ ውጭ ግን አንድ መሠረት ተጣለ፤ የቆዳ ቀለም መለኪያ የሚሆንበት ቡድን በአፍሪካ ሜዳ አይሰለፍም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 1954 ዓ.ም፣ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ ሲደርሱ የገጠማቸው ከዚህ ቀደም ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደው የግብፅ ቡድን ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በግርማ ተክሌና በሉቺያኖ ቫሳሎ ግቦች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ውጤቱ 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በዚያ ቡድን ውስጥ ከአሥመራም፣ ከአዲስ አበባም የመጡ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ የሆነም ያልሆነም ተጫዋቾች ነበሩ። በካርቱም በቃል የተጠየቀው ቅልቅል ቡድን በአዲስ አበባ በተግባር ታየ።

የዋንጫው ደስታ ገና ሳይበርድ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ለአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ አዲስ አበባ ገባ። ኔልሰን ማንዴላ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሲቃረብ ተመልሶ መጥቶ በኮልፌ ከፖሊስ ሠራዊት መኮንኖች ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ዛሬ በ18 ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍና የገበያ ግርግር የሚታወቀው ኮልፌ ያን ጊዜ የከተማዋ ዳርቻ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ማንዴላ ወደ አገሩ ተጠራ፤ እንደተመለሰም ተይዞ ለ27 ዓመታት ታሰረ። ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ አፓርታይድን በሁለት መንገድ ስትታገል ነበር፤ በኮልፌ በጠመንጃ ሥልጠና፣ በይድነቃቸው በኩል ደግሞ በእግር ኳስ ሕግ። ሁለተኛው መንገድ ደም አላፈሰሰም፤ ትዕግሥትን ግን አብዝቶ ጠየቀ።

ትዕግሥቱ የተፈተነው በፊፋ ቤት ነው። ዓለም አቀፉ ማኅበር በ1954 ዓ.ም መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን አገደ። እንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሩስ በ1955 ዓ.ም አገሪቱን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሳ። አፍሪካውያን ተባብረው ሲሟገቱ ደግሞ በ1957 ዓ.ም እንደገና ተጣለ። የተዘጋ በር ሲከፈት፣ የተከፈተው ሲዘጋ፣ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ከበሩ አልራቁም።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ሙግት ተነሳ። እንግሊዝ ላዘጋጀችው እ.ኤ.አ. የ1966 የዓለም ዋንጫ ከተመደቡት 16 ቦታዎች ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ የተሰጣቸው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ቡድን እንኳ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህ ፍትሕ እንዳልሆነ አጥብቀው ተከራከሩ። የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ አንድ አህጉር በሙሉ ያደረገው ብቸኛው አድማ ይኸው ነው። ዋጋ ነበረው፤ በዘመኑ ከፍተኛ ብቃት ላይ የነበሩ የጋና ተጫዋቾች የዓለም ዋንጫን ሳያዩ ቀሩ። ፍሬው ግን ታየ፤ ለቀጣዩ ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም በሜክሲኮ ተሰለፈች።

ይድነቃቸው በ1963 ዓ.ም ገደማ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1964 ዓ.ም ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በአገራቸው ንጉሣዊው ሥርዓት ወደቀ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ። እርሳቸው ግን በአህጉሪቱ ድምፅ የተሰጣቸውን መንበር እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልለቀቁም። በ1966 ዓ.ም ሰኔ በፍራንክፈርት በተካሄደው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዧኦ ሀቬላንዥ ስታንሊ ሩስን 68 ለ 52 ሲያሸንፉ ከአፍሪካ የተገኘው ድምፅ ወሳኝ ነበር። አፍሪካውያን በምላሹ የጠበቁት ሁለት ነገር ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ እንዲቋጭና የዓለም ዋንጫ ቦታ እንዲሰፋ። በ1968 ዓ.ም ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሙሉ በሙሉ አባረረ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ተሳታፊዎች ወደ 24 ሲያድጉም የአፍሪካ ድርሻ ሁለት ሆነ፤ አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ገቡ።

በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድርና የወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመሩ። ይሁን እንጂ ይድነቃቸው ከገንዘብ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሁልጊዜ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። የአልኮልና የሲጋራ አምራቾች ማስታወቂያ በአፍሪካ ውድድሮች ላይ እንዳይሰቀል ተከላከሉ። የአህጉሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውም ያሳስባቸው ነበር። ሰብሉ ገና በማሳው ሳለ ለነጋዴ የሚሸጥ ገበሬ የዘር እህል እንኳ እንደማይተርፈው ሁሉ፣ ልጆቹን ሳይበስሉ የሚሸኝ እግር ኳስም ለራሱ አይተርፈውም የሚል አቋም ነበራቸው።

በዚህ አቋማቸው የተቹዋቸው አልጠፉም። ገንዘብ የሌለው ኮንፌዴሬሽን ውድድሮቹን እንዴት ያስፋፋል? ተጫዋችስ ጉልበቱን ለተሻለ ክፍያ እንዳይሸጥ ማን ሊከለክለው ይችላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ የሄደው በስፖንሰሮችና በዝውውር ገበያ መንገድ ነው። ነገር ግን ዛሬ የአገር ውስጥ ሊጎች ተመልካች ሲያጡ፣ ታዳጊዎች በሐሰተኛ ወኪሎች ተታልለው በባዕድ አገር ሲጣሉ፣ የይድነቃቸው ሥጋት መሠረት እንደነበረው ይታያል።

ሌላም የሚቆጭ ነገር አለ። አህጉሪቱን በመሩባቸው ዓመታት የአገራቸው ቡድን እየተዳከመ ሄደ። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም ውድድሩን ብታስተናግድም ከምድቧ አላለፈችም። ከ1974ቱ ተሳትፎ በኋላ ደግሞ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባት። የ1954ቱ ድልም እስከ ዛሬ ብቸኛው ሆኖ ቀርቷል። ይድነቃቸው ሕግና ሥርዓትን ለአፍሪካ ሲያቆሙ፣ እርሳቸው የተገኙበት ዓይነት የሠፈርና የትምህርት ቤት እግር ኳስ በአገራቸው ተከታታይ እንክብካቤ አላገኘም።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ 66ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያኔ ማንዴላ ገና እስረኛ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካም ከአፍሪካ ሜዳ ውጭ ነበረች። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት በር በክብር ሲከፈት ለማየት አልታደሉም።

በሩ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናገደች። ጥር 25 ቀን በጆሃንስበርግ በተደረገው ፍጻሜ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዋንጫውን ከፍ ያደረገው ነጭ አምበል ኒል ቶቬይ ነው፤ በዙሪያው ጥቁሮች፣ ነጮችና ክልሶች የቡድን ጓደኞቹ ቆመው ነበር። የቡድኑን ማሊያ ለብሶ በደስታቸው መካከል የቆመው ፕሬዚዳንት ደግሞ በ1954 ዓ.ም በኮልፌ የሠለጠነው ሰው ነበር። በ1949 ዓ.ም በካርቱም ተጠይቆ የተከለከለው ቅልቅል ቡድን፣ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ።