ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና ያሳደጋቸው የቅኔ ቤት

አገር የምትኮራው በመሬቷ ስፋት ብቻ አይደለም፤ ከአብራኳ በወጡ ብልኅ ልጆቿም ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ብልኅ ልጅ ስለ ተወለደ ብቻ ሊቅ አይሆንም፤ ተሰጥዖው የሚያድግበት ቤት ያስፈልገዋል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አገር መሄድ ሳያሻን፣ ከዚሁ ከጎጃም ምድር የወጡት የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወት ይበቃናልና በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ታሪካቸውን በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

ዮፍታሔ በ1880ዎቹ ዓ/ም በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ሊቃውንቷ የታወቀች ደብር ስለ ሆነች፣ ሕፃኑ ዮፍታሔ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ወደ ቅኔ ቤት ለመግባት ብዙ መንገድ አላስፈለጋቸውም። አብረዋቸው ከተማሩት ግን ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩ።

የቅኔ ቤት ማለት እንዲህ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ይለያል፤ በመምህሩ ቤት አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ የሣር ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ ያገሩ ገበሬ በቁራሽ እንጀራና በቆሎ ይቀልበዋል። ማታ መምህሩ ቅኔ ሲቀኙ ይሰማል፤ ሰሙንና ወርቁን ከባልንጀሮቹ ጋር ሲከራከርበት ያመሻል፤ በማግስቱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያርሙለታል። እንዲህ እያለ ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ባለ ስምንት ቤት ወደ ሆነው ወደ መወድስ ይደርሳል። የበሰለው ተማሪ ደግሞ ጀማሪውን ያስጠናል። የምሽቱ ክርክርና የሌሊቱ ጥናት የትምህርቱ ግማሽ ስለ ሆነ፣ ውሎ የሚሄድ ተማሪ ይህን ሊያገኝ አይችልም። እንግዲህ የቅኔ ቤት ሕዝብ በእንጀራው ያቆመው የጥበብ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ዮፍታሔ ከዚህ ቤት ቅኔ አዋቂ ሆነው ወጡ፤ ቀኝ ጌታ የሚለውንም የቤተ ክህነት ማዕረግ አገኙ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ የትምህርት ቤቱም ሹም ሆኑ። ቅኔያቸውን በግዕዝ ብቻ አላስቀሩትም፤ ወደ አማርኛ አምጥተው ተውኔት ጻፉበት፤ ተማሪዎቻቸውንም በመድረክ ላይ አቁመው አጫወቱበት። ስለዚህም ከአማርኛ ቲያትር አባቶች አንዱ ተብለው ይቆጠራሉ።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ሆነ። በ1916 ዓ/ም ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። በመንግሥት ወጪ አብረው እየኖሩ፣ በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ናልባንዲያን የደረሱት ዜማ በ1923 ዓ/ም በንግሥ በዓል ተሰማ፤ ግጥሙም የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ነው ይባላል። ይህ የሕዝብ መዝሙር እስከ 1967 ዓ/ም ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። ልብ ብለን ብናየው፣ ቃሉ ከደብረ ኤልያስ የሣር ጎጆ፣ ድምፁም በአንድ ጣራ ሥር ካደጉ ወላጅ አልባ ልጆች ወጣ ማለት ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ/ም አገራችንን በወረረች ጊዜ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1933 ዓ/ም ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በዘለቁበት ዓመት አገር ነጻ ሲወጣ፣ እርሳቸውም ለአገራቸው አፈር በቁ። አፋጀሽኝ የተባለው ተውኔታቸው የዚያን የመከራ ዘመን የሚያሳስብ ነው። በ1939 ዓ/ም ግን ገና ዕድሜ ሳይጠግቡ ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የቅኔ ቤት ጉድለት አልነበረውም አንልም። ረኃቡና እርዛቱ ብዙ ተማሪ ፈጅቷል፤ በጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ታላቅ ሴት የቅኔ መምህር ቢነሡም ደጁ ለሴቶች ልጆች ጠባብ ነበር። ነገር ግን ድኻ የገበሬ ልጅ ገንዘብ ሳይኖረው መምህር፣ ጓደኛና ጊዜ የሚያገኝበት ቤት ነበር። ዛሬ በዱርቤቴም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከገጠር የመጣ ተማሪ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ ተሸክሞ ይማራል። እንደ ቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ይለያል፤ የቆሎ ተማሪው የነበረው የምሽት ጉባኤ ግን የለውም። መሳል የሚችለው በደብተሩ ዳር ይሥላል፤ ዋሽንት የሚነፋው በመንገድ ላይ ይነፋል፤ የሚያርመው ግን የለም። በ1950 ዓ/ም የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሆነ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ ዛሬ የሚገባባቸውም ሁለተኛ ደረጃ ከተፈጸመ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ መክሊቱን ቀብሮ ይቀራል!

አገር የሚያስፈልጋት ሐኪምና መሐንዲስ ነው እንጂ ባለቅኔ አይደለም የሚሉ አሉ። ሐኪምና መሐንዲስ እንደሚያስፈልጉ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ሕዝብ በደስታውም ሆነ በመከራው ቀን በአንድ ድምፅ የሚናገርበትን ቃል የሚሰጠው ባለቅኔው ነው። ስለዚህ በየክፍለ ሀገሩ ቢያንስ አንድ፣ ሕዝብና መንግሥት የሚረዱት፣ ወንዱም ሴቷም ሳይራቡ የሚማሩበት የጥበብ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢኖር፣ አዲስ ነገር ማምጣት ሳይሆን አባቶቻችን ያቆሙትን ቤት ማደስ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ይህን ሳናገኝ ብንወጣም፣ ታናናሾቻችን እንዲያገኙት ምኞታችን ነው።