ዮሴፍ ወልደ ኮርዮንና የዋሻው ዕጣ

ዜና አይሁድ በተባለው መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን፣ ከታሪክ ጸሐፊነቱ ሌላ በሒሳብ መምህራንም ዘንድ ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። መጽሐፉ በ10ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍቷ ተራ ትቆጥረዋለች። ይሁን እንጂ የዕብራይስጡ ጸሐፊ ሁለት ሰዎችን አምታቷል። ወልደ ኮርዮን በኢየሩሳሌም የነበረ ሌላ ሹም ሲሆን፣ ባለታሪኩ ግን ኋላ ፍላቪዮስ የተባለው የካህኑ የማትያስ ልጅ ነው።

ዮሴፍ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ37 ዓ.ም. ገደማ በኢየሩሳሌም ተወለደ። በ26 ዓመቱ፣ በሮም የታሰሩ ካህናትን ለማስፈታት ባሕር ተሻገረ። መርከቡ ሰጥሞ ከ600 ያህል ተሳፋሪዎች 80 ያህሉ ብቻ ሲተርፉ እርሱም ተረፈ፤ በኔሮን ሚስት በፖፔያ አማላጅነትም እስረኞቹን አስፈታ።

አይሁድ በ66 ዓ.ም. በሮም ላይ ሲነሡ የገሊላ የጦር አዛዥ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ቨስፓስያን የዮድፋትን ከተማ 47 ቀን ከቦ ያዘ። ዮሴፍም ከ40 ሰዎች ጋር በዋሻ ተሸሸገ። እጁን ለመስጠት ቢያስብም ጓደኞቹ ሰይፍ መዘዙበት፤ ስለዚህ ዕጣ እንዲጣጣሉና ዕጣ የወጣበት ሰው በቀጣዩ ባለዕጣ እጅ እንዲሞት ሐሳብ አቀረበ። በመጨረሻ እርሱና አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱም ተማረኩ።

ዕጣው ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ፣ ከ41 ሰዎች አንዱ ከመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል የመገኘት ዕድሉ 2 ለ41፣ ማለት ከመቶ 5 ያህል ነበረ። ዮሴፍ በግሪክኛ መጽሐፉ ነገሩን በአጋጣሚ ወይም በእግዚአብሔር ጥበቃ የሆነ አድርጎ ያልፈዋል። የጥንቱ የስላቭ ትርጕም ግን ቊጥሩን በብልሃት ቈጥሮ እንዳታለላቸው ይናገራል።

ካርዳኖ በ1539፣ ባሼም በ1612 ነገሩን የቊጥር እንቈቅልሽ አድርገው አቀረቡት። 41 ሰዎች ክብ ሠርተው ቢቆሙና በየሦስተኛው ያለው እየተቈጠረ ቢወጣ፣ በመጨረሻ የሚቀሩት 16ኛውና 31ኛው ናቸው። በየሁለተኛው ቢሆን መፍትሔው ይቀላል። ከ41 የማይበልጠው ትልቁ የ2 ርቢ 32 ስለሆነ ትርፉ 9 ነው። 2ኛው፣ 4ኛው፣ እስከ 18ኛው ድረስ 9 ሰዎች ሲወጡ 32 ይቀራሉ፤ ቈጠራውም ከ19ኛው ይጀምራል። 32 በየዙሩ እኩል ስለሚከፈል ጀማሪው እስከ መጨረሻ አይነካም። አንድ ሰው ቢጨመር ግን የሚተርፈው 21ኛው ይሆናል። ስለዚህ ብልሃቱ የሚሠራው የሰዎቹን ብዛትና የቈጠራውን መነሻ አስቀድሞ ለሚያውቅ ብቻ ነው።

ዮሴፍ በእስር ሳለ ቨስፓስያን እንደሚነግሥ ተነበየ፤ በ69 ዓ.ም. ትንቢቱ ሲፈጸም ሰንሰለቱ በመጥረቢያ ተቈረጠለት። በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ብዙ ምርኮኞችን አስለቀቀ። ከተሰቀሉ ሦስት ወዳጆቹ ሁለቱ ከመስቀል ወርደው ቢሞቱም አንዱ ዳነ። ከዚያም በሮም ተቀምጦ የአይሁድን ጦርነትና ጥንተ ታሪካቸውን ጻፈ፤ በ100 ዓ.ም. ገደማም ዐረፈ። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ከሐዲ ሲሉት፣ ያለ እርሱ መጽሐፍ ግን የዘመኑ ታሪክ በአብዛኛው በጠፋ ነበር።

ሰው ዕጣን የሚቀበለው ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም ብሎ ስለሚያምን ነው። በየካ አባዶና በሌሎች የአዲስ አበባ ሠፈሮች የጋራ መኖሪያ ቤት የተደለደለው በዚሁ እምነት ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ፣ መስፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች መረጃ ተካቶበት በመገኘቱ ተሰርዟል። በዮድፋት ዋሻ ግን ዝርዝሩን የሚመረምር፣ ቈጠራውንም የሚያስደግም አልነበረም፤ 39ኙ ሰዎች የዮሴፍን ቃል አምነው ሞቱ። ዕጣ ለማውጣት ኃላፊነት የሚሰጠው ባለሙያም የስሞቹን ዝርዝርና የአወጣጡን ሥርዐት አስቀድሞ በምስክር ፊት ማስመርመር ይገባዋል።