የቶማስ ጄፈርሰን ወይን ጠጅ

በ1776 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ የዚያች አገር ሦስተኛ ፕሬዚዳንት እንደ ነበረም ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን አደባባዩን ሳይሆን ማዕዱን ነው።

ጄፈርሰን በ1743 በቨርጂኒያ ተወለደ። በዚያ ዘመን የአገሩ ባለርስቶች እንደ እንግሊዞች አባቶቻቸው የሚወዱት፥ አረቄ የተጨመረባቸውንና ጉሮሮ የሚያቃጥሉትን ማዴራንና ፖርቶን ነበር። እሱም በዚሁ አደገ። በ1784 ለመንግሥት ሥራ ወደ ፓሪስ በተላከ ጊዜ ግን ምላሱ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ።

በ1787 በፌብሩዋሪ መጨረሻ፥ የተሰበረው የእጁ አንጓ በፍል ውሃ ይሻለው እንደ ሆነ ብሎ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ጉዞ ጀመረ። ፍል ውሃው ለእጁ እምብዛም አልጠቀመውም፤ ለማዕዱ የተገኘው ትርፍ ግን ብዙ ነው። በቡርጎኝ አውራጃ በቦን ከተማ ፓራን ከተባለ በርሜል ሠሪ ጋራ ተዋወቀ፤ ይህም ሰው ለብዙ ጊዜ ጠጅ እየመረጠ ላከለት። ቮልኔ የተባለው ቀይ ጠጅ በጣዕሙ ከታላላቆቹ ከሻምበርታንና ከቩዦ እንደማያንስ፥ ነገር ግን ቀለል ያለ ስለ ሆነና ብዙ ስለማይቆይ በሩብ ዋጋ እንደሚሸጥ ጄፈርሰን አስተዋለ። በፖማርና በቮልኔ የወይን ሠራተኞች የስንዴ ዳቦ ሲበሉ፥ ነጩ ጠጅ በሚመረትበት በሞርሶ ግን ጥቁር ዳቦ ሲበሉ አየና ምክንያቱን ጠየቀ። ነጩ ጠጅ ብዙ ጊዜ እየተበላሸ ስለሚቀር ባለርስቱ ሠራተኛውን ደኅና አድርጎ ሊያበላ አይችልም አሉት። እሱም ይህን በማስታወሻው ጻፈ። የጠጅ ዋጋ ሲመዘግቡ የሠራተኛውን ዳቦ የሚመለከቱ መንገደኞች ጥቂቶች ናቸው። ወደ ፓሪስ ሲመለስም ከዚያው ከሞርሶ፥ የወርቅ ጠብታ ከተባለው ቦታ የተገኘውን ነጭ ጠጅ የዘወትር መጠጡ አደረገው።

ከቦርዶ ሲያዝ ጠጁ እዚያው በተመረተበት ርስት በጠርሙስ እንዲሞላለት ይፈልግ ነበር፤ ነጋዴ ይቀላቅለዋል ብሎ ይጠረጥራልና። በርሜል ሲሆን ደግሞ ጀልበኞች በመንገድ ቀድተው ጠጥተው ጉድለቱን በውሃ ይሞሉታል ብሎ ይሠጋል። በ1801 ፕሬዚዳንት ሆኖ ደመወዙ በዓመት 25000 ዶላር ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ለወይን ጠጅ ብቻ ከ7000 ዶላር በላይ አወጣ።

ሞንቲቼሎ በተባለው የኮረብታ ቤቱ ከምግብ ጋራ ቢራና ከፖም የተጠመቀ መጠጥ ይቀርባል፤ ወይን ጠጁ የሚመጣው የገበታው ልብስ ከተነሣ በኋላ ነው። በምድጃው ግራና ቀኝ የተሠራው ትንሽ ማንሻ ጠርሙሱን ከምድር ቤት ወደ ላይ ያወጣዋል፤ እንግዳው ጠርሙሱን እንጂ ከታች የሚጭነውን ባሪያ አያይም። ጄፈርሰን አረቄ በማናቸውም መልኩ አይቀምስም ነበር። በ1819 ለማርሴይ ነጋዴው ሲጽፍ ጣዕሞቹን ጣፋጭ፥ ኮምጣጣ፥ ደረቅ፥ ጎርባጣ እያለ ለየ፤ ደረቅ ሆኖ ጣፋጭነቱ በጭላንጭል ብቻ ለሚታወቀው ጠጅ ደግሞ የሐር ስም ሰጠው። ለዚህ ዓይነቱ ምላሱ ምስጋና ይገባዋል፤ የገዛ ወይኑን ተክሎ ጠጅ ለማውጣት ግን ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ አልሆነለትም።

ይህ ሁሉ ማዕድ የቆመው በባሮች ጉልበት ነበር፤ በሕይወቱ ዘመን ከ600 በላይ ሰዎች ነበሩት። ኤዲት ፎሴት የተባለችው ባሪያ ገና በ15 ዓመቷ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት ተወስዳ የፈረንሳይን ወጥ አሠራር ተማረች፤ ከ1809 ጀምሮም የሞንቲቼሎ ዋና ወጥ ቤት ነበረች። እንግዶች ያደነቁት ምግብ የእጇ ሥራ ነው።

ጄፈርሰን መግለጫው በጸደቀ በ50 ዓመቱ፥ በጁላይ 4 ቀን 1826 ሞተ። የተወው ዕዳ ከ100000 ዶላር በላይ ነበር። በኑዛዜው አምስት ሰዎችን ነፃ ሲያወጣ፥ የቤቱ አዛዥ በርዌል ኮልበርትና የኤዲት ባል አንጥረኛው ጆሴፍ ፎሴት ከነዚህ ነበሩ። የኤዲት ስም ግን አልነበረበትም። በጃንዋሪ 1827 ወደ 130 የሚሆኑ ባሮች ከከብቱና ከቤቱ ዕቃ ጋራ ለሐራጅ ቀረቡ፤ ኤዲትና ልጆቿም ከነዚህ መካከል ተሸጡ።