አባ ጎርጎርዮስ፦ ለአውሮፓ አማርኛን ያስተማሩ ስደተኛ

እዚህ ሞያሌ ኬላው አካባቢ የሚውል ሰው አስተርጓሚነት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከአማርኛና ከኦሮምኛ ወደ ስዋሂሊና ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ የሰው ጉዳይ የሚያስፈጽም ወጣት በየቢሮው በር አይጠፋም። ጠያቂው ይጠይቃል፣ ስደተኛው ይመልሳል፣ መሃል የተቀመጠው ደግሞ የሁለቱንም ቃል ይሸከማል። ስለምን ይጠየቃል? ከየት መጣህ፣ ለምን ወጣህ፣ ሃይማኖትህ ምንድነው፣ እዚያ ምን ይበላል፣ ማን ይገዛል።

ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው ልክ እንደዚህ ለሳምንታት ተቀምጠው ተጠይቀዋል። የተጠየቁት ግን በ1652 ነው፣ ጀርመን አገር፣ አንድ መስፍን ቤተ መንግሥት ውስጥ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። ቦታው ያኔ የአማራ አውራጃ ከሚባለው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው አገር ነው። ዘራቸው ከመኳንንት ወገን ነው። መካነ ሥላሴ ሲባል የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያኑ ነበር፤ አፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት፣ በጌጡ ስሙ የወጣ ሕንፃ ነው። በ1531 በግራኝ አህመድ ጦርነት ተቃጠለ። እንግዲህ እሳቸው ያደጉት ከስልሳ ዓመት በፊት የተቃጠለ ነገር አሁንም በሚወራበት አገር ነው። የተማሩትም የቤተ ክህነት ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው እንግባ፤ ያለዚያ ስደታቸው አይገባንም። አፄ ሱስንዮስ ከ1607 ጀምሮ ነገሡ፤ ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናትን አቀረቡ። በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አሳወቁ። በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ መጣ፤ በዓመቱ በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማው ጳጳስ መሐላ ገቡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከረረ። ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረኩ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ የጾሙና የበዓሉ ቀን በሮማ ሥርዓት ይሁን ተባለ። አገሬው አልተቀበለም። ዓመፅ በዓመፅ ላይ ተነሣ። በ1632 ከላስታ ገበሬዎች ጋር ደም የፈሰሰበት ትልቅ ውጊያ ከተደረገ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሞቱ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚሰደደው ሰው ተለዋወጠ። በሱስንዮስ ጊዜ የተሰደዱት አዲሱን እምነት አንቀበልም ያሉት ናቸው። ከመካከላቸው የምትታወቀው ወለተ ጴጥሮስ ናት፤ የመኳንንት ሚስት ነበረች፣ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ንጉሡ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አስግዘዋታል፤ እሷ ግን የተሰደዱትን እየሰበሰበች ማኅበር መሠረተች። ፋሲል ሲነግሡ ደግሞ ተራው የካቶሊኮቹ ሆነ። ሜንዴዝና ጓደኞቹ ተባረሩ። ከእነሱ ጋር የወገኑት ኢትዮጵያውያን ወይ መመለስ፣ ወይ መደበቅ፣ ወይ መውጣት ነበረባቸው። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያኑ ጋር የወገኑ ሰው ስለነበሩ ወጡ።

የትኛው ወገን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ በዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከልም ሁሉም ዓይነት አለ። ለእኛ የሚታየን አንድ ሰው በአንድ አዋጅ ከአገሩ ሰውነት ወደ ስደተኛነት ሲዞር ነው።

የደረሱት ሮማ ነው። ሮማ ላይ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠራ የኢትዮጵያውያን ቤት ነበረ። ጳጳሳቱ ለኢትዮጵያ ተሳላሚዎች የሰጡት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። በቤቱ ያረፉት ብዙዎቹ መነኮሳት ናቸው፤ በኢየሩሳሌም በኩል የሚመጡ። ከመቶ ዓመት በፊት ተስፋ ጽዮን የሚባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ገዳማቸው በግራኝ ጦርነት ከተቃጠለ በኋላ የመጡ ናቸው። በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮማ ላይ አሳተሙ። ማተሚያ ቤቱ ግዕዝ ማንበብ አይችልም፣ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም፤ ስለዚህ ለስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። እንዲህ ሆኖም መጽሐፉ ወጣ፣ አውሮፓም በግዕዝ ፊደል ላይ ዓይኗን ጣለች።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ቤት ሲኖሩ የመመለሻው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ፋሲል ምፅዋንና ሱዋኪንን ከያዙት የቱርክ ፓሻዎች ጋር ተስማምተው የካቶሊክ ካህን እንዳያልፍ አደረጉ። በ1648 ሦስት የካፑቺን መነኮሳት ሱዋኪን ላይ አንገታቸው ተቆረጠ። በ2018 ከኢትዮጵያ ሞያሌ ሸሽተው በሶማሬና በዳምባላ ፋቻና የሰፈሩ ሰዎች ይህን ስሜት ያውቁታል፤ ሌት ተቀን ወሬ መጠበቅ፣ መንገዱ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም እያሉ መጠየቅ።

በ1649 አንድ ወጣት የቤቱን በር አንኳኳ። ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ኤርፉርት በምትባል የጀርመን ከተማ በ1624 የተወለደ፣ ያኔ 25 ዓመቱ። ሮማ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። የስዊድን ንግሥት ክሪስቲና የምትፈልጋቸው አሮጌ ሰነዶች ነበሩ፣ እሱ እንዲፈልግ ተልኮ ነው። ሰነዱን አላገኘም። ኢትዮጵያውያኑን አገኘ።

ሉዶልፍ ግዕዝን ያለ አስተማሪ፣ ያሉትን ጥቂት መጻሕፍት እያገላበጠ በራሱ ነበር የተማረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቋንቋውን ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። መጽሐፉን ከፍቶ ሲያነብላቸው መጀመሪያ ተደነቁ፣ ደስ አላቸው፤ ቀጥለው ግን አነባበቡን ሲሰሙ ሳቅ ያዛቸው። ይህን የተረከልን ራሱ ሉዶልፍ ነው፣ አልደበቀም። እዚህ አገር የመጣ ማንም ሰው መጀመሪያ ስዋሂሊ ሲሞክር ሱቅ ውስጥ የደረሰበት ነገር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የተሳቀው በፈረንጁ መሆኑ ብቻ!

መጀመሪያ የሚነጋገሩት በጣልያንኛ በአስተርጓሚ በኩል ነበር። አስተርጓሚው አንቶኒዮ ደ አንድራዴ ነው፤ አባቱ ፖርቱጋላዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። ቀስ እያሉ በግዕዝ መግባባት ጀመሩ። አባ ጎርጎርዮስ ከሃምሳ ዓመት ያለፉ ሰው ናቸው፣ ተማሪው የልጅ ዕድሜ ነው። ግን ተዋደዱ።

ዋናው ነገር አማርኛው ነው። ግዕዝ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ነው፤ ሰው በቤቱና በገበያው የሚናገረው ሌላ። አውሮፓ ውስጥ ስለ አማርኛ በወግ የታተመ ሰዋስው አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ ቃል በቃል፣ ግስ በግስ እየነገሩ ሉዶልፍን አስተማሩት። እስቲ አስቡት፤ እጃቸው ላይ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ የለም። ቋንቋው ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ቋንቋውን በአፍ የሚናገር ሁሉ ደንቡን ማስረዳት አይችልም፤ ልጆቻችሁ ለምን እንዲህ ይባላል ብለው ሲጠይቁ መልሱ የሚጠፋባችሁ ለዚህ ነው። እሳቸው ግን ችለዋል። በግዕዝ ፊደል ላይ አማርኛ የጨመራቸውን እነ ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ጀን፣ ጨን ሉዶልፍ ያወቀው በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ቤት አገልጋይ ሆነ። ኤርንስት የሉተራን እምነት ሰው ናቸው፤ በግዛታቸው ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዘዙ። ጀርመን ያኔ በ1618 ከጀመረውና በ1648 ካበቃው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። መስፍኑ ጎታ ላይ የሚያሠሩት ቤተ መንግሥት ራሱ ገና አላለቀም፤ ስሙን ፍሪደንሽታይን አሉት፣ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ከሉዶልፍ ሲሰሙ ሰውዬውን ማየት ፈለጉ፣ አስጠሯቸው።

አባ ጎርጎርዮስ ከሮማ ተነሥተው የአልፕን ተራሮች አቋርጠው ሄዱ። ሉዶልፍ ኑርንበርግ ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው፣ በ1652 በሰኔ ወር ጎታ ገቡ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እዚያ በጋ ነው፣ ስለዚህ ብርዱ ገና አልመጣም።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። መስፍኑና ሊቃውንቱ ይጠይቃሉ፣ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፣ እሳቸው በግዕዝ ይመልሳሉ። ስለ እምነቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ንጉሡ ሥልጣን፣ ስለ ፍርዱ፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ እህሉ። ጤፍ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንጀራን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቤተ መንግሥቱ ሁለት ነገር አስቦ ነበር፤ አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ጥንታዊ ክርስትና ለሉተራኖቹ ቅርብ ይሆን ወይ ብሎ፤ ሁለተኛ፣ በቱርክ ላይ የሚያግዝ ወዳጅ ይገኝ ወይ ብሎ። አንድ የተሰደዱ መነኩሴ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ሹመት፣ የአንድ አገር መልእክተኛ ያህል ተቆጠሩ። የሚያሳስበው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ካቶሊክ ሆነው የወጡ ናቸው፣ ጠያቂዎቹ የካቶሊክ ተቃራኒ ናቸው፣ የሚጠየቁት ስላሳደዳቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንዲያም ሆኖ ከአፋቸው የተቀዳው የአገራቸው ነገር የጠላት ወሬ አይመስልም። ሉዶልፍ በመጽሐፉ ውስጥ ያቆየው ምስክርነታቸው የሚናፍቅ ሰው ምስክርነት ነው።

በመስከረም ብርዱ ሳይጠና ወደ ሮማ ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ግን በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታትመዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ሮማ ላይ ለመቅረት አልፈለጉም። ዕድሜያቸው ከስልሳ ሲያልፍ ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ተነሡ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ በሜዲትራንያን ባሕር ምሥራቅ ጫፍ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በእስክንድሮና አቅራቢያ ሰጠመች። እሳቸውም እዚያው ሰጥመው ሞቱ። የዛሬ ልጆቻችን ያንኑ ባሕር ወደ ሰሜን ሲሻገሩ ይሞታሉ፤ እሳቸው የሞቱት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው።

መስፍን ኤርንስት ከዚያ በኋላም ተስፋ አልቆረጡም። በ1663 የሉዶልፍ ተማሪ የነበረውን ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን ኢትዮጵያ ሂድ ብለው ላኩት። እሱ ግብፅ ደረሰ፣ ከዚያ አላለፈም፣ ይባስ ብሎ ካቶሊክ ሆነና ወደ ጎታ ሳይመለስ ቀረ። ሉዶልፍም ኢትዮጵያን አንድ ቀን ሳይረግጥ በ1704 ፍራንክፈርት ላይ ሞተ።

መጻሕፍቱ ግን ወጡ። በ1661 ለንደን ላይ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 ፍራንክፈርት ላይ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1691 የታሪኩ ማብራሪያ። ታሪኩ በአራት ክፍል ነው፤ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ኑሮውና ስለ ትምህርቱ። በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሉዶልፍ በሌላ ሰው እውቀት ላይ ስሙን ብቻ ለጥፎ አላለፈም፤ ይህን ጎርጎርዮስ ነገረኝ እያለ በየቦታው ስማቸውን ያነሣል። በ1691 ደግሞ ኤልያስ ክሪስቶፍ ሃይስ የሚባል ቀራጭ ምስላቸውን አወጣ፣ ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ። በዚያ ዘመን ከኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል መልካቸው እንዲህ የቀረልን ጥቂት ናቸው።

የአማርኛው ሰዋስውና የአማርኛ ላቲን መዝገበ ቃላት የታተሙት በ1698 ነው፤ መርከቧ ከሰጠመች ልክ 40 ዓመት በኋላ። ተማሪው ያኔ የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የግዕዙ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለተከታዮቹ መሠረት ሆነ፤ በ1865 አውጉስት ዲልማን ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ የሉዶልፍን ሥራ ይዞ ነው የተነሣው።