የጥቁር ሐር ጥልፍና የንግሥት ካተሪን ሕይወት

በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ከተሞች በነጭ አቡጀዲ ላይ የተጠለፈ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ የእንግዳ ክፍልን አስጊጦ ማየት የተለመደ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከውጭ አገር የሚመጣው ጨርቅ በባሮ ወንዝ ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ጎሬ ገበያ ይጓጓዝ ነበር። ድርና ማግን ቆጥሮ መጥለፍ ግን ከዚያ ንግድ እጅግ የቀደመ ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው አንዷ የእንግሊዝ ንግሥት የነበሩት የአራጎንዋ ካተሪን ናቸው።

ካተሪን በ1485 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስፔን ውስጥ በአልካላ ዴ ኤናሬስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአራጎን ንጉሥ ፈርዲናንድ፣ እናታቸው የካስቲል ንግሥት ኢዛቤላ ነበሩ። ኢዛቤላ ሴቶች ልጆቻቸው ከላቲን ቋንቋ ጋር ፈትልን፣ ስፌትንና ጥልፍን እንዲማሩ አደረጉ። የካተሪን ታላቅ እኅት ማርያ የፖርቱጋል ንግሥት ሆኑ። በ1514 የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ከኢትዮጵያ ሊስቦን ሲደርስ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ንጉሥ ማኑኤል የእኒሁ የማርያ ባል ነበሩ።

በካተሪን ስም የሚታወቀው ጥልፍ በነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ በጥቁር ሐር የሚሠራ ነው። ጠላፊዋ ክሮቹን እየቆጠረች፣ አንዱን ስፌት ከላይ አንዱን ከታች እያደረገች እስከ መስመሩ ጫፍ ትሄዳለች። በዚያው መስመር ስትመለስም ክፍት የቀሩትን ቦታዎች ትሞላለች። በዚህም የጨርቁ ፊትና ጀርባ አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ ሥራው ተገልብጦ ለሚታይ የእጅጌና የአንገት ጠርዝ ተስማሚ ሆነ። መስመሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚኬድበት፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ማንኛውም ንድፍ ክሩ ሳይቆረጥ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመልሳል። የዚህን ሕግ የሒሳብ መሠረት ሊዮናርድ ኦይለር በ1735 የኮኒግስበርግን ድልድዮች ጥያቄ ሲመረምር አስቀመጠ። ጠላፊዎች ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው በጣታቸው ይሠሩበት ነበር።

ካተሪን በ1501 እንግሊዝ ገብተው አልጋ ወራሹን አርተርን አገቡ። አርተር አምስት ወር ሳይሞላ ዐረፉ። ካተሪን ሰባት ዓመት በችግር ከቆዩ በኋላ በ1509 የአርተርን ወንድም ንጉሥ ሄንሪ 8ኛን አገቡ። ጥቁሩ ጥልፍም የስፔን ሥራ ይባል ጀመር። ይሁን እንጂ በጥቁር ሐር የተጠለፈ ልብስ እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት በእንግሊዝ የታወቀ ስለ ነበር፣ ንግሥቲቱን የሥራው ጀማሪ ማድረግ አይቻልም።

በ1513 ሄንሪ ለጦርነት ፈረንሳይ ሲሻገሩ ካተሪን እንደራሴ ሆነው አገር ጠበቁ። የስኮትላንድ ጦር በመጣ ጊዜም ሰንደቅ ዓላማና አርማ በማሠራት ተጠምደው ነበር። ከልጆቻቸው ለአካለ መጠን የደረሱት በ1516 የተወለዱት ሜሪ ብቻ ናቸው። ሄንሪ ወንድ ወራሽ ፈልገው ከ1527 ጀምሮ ጋብቻው እንዲፈርስ ጠየቁ። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ሳለ፣ በ1530 እንኳ፣ የንጉሡ የሸሚዝ ጨርቅ እንዲሰፋ ወደ ካተሪን ይላክ ነበር። ንጉሡ ሊያገቧት ያሰቧት አን ቦሊን ይህን ባወቀች ጊዜ ክፉኛ ተቆጣች። በ1533 ጋብቻው ፈረሰ፤ የንግሥትነት ማዕረጋቸውም ተገፎ የአርተር ባልቴት ተብለው እንዲጠሩ ታዘዘ። ካተሪን ግን ይህን መጠሪያ እስከ መጨረሻው አልተቀበሉም። በ1536 በኪምቦልተን ግንብ ዐረፉ። በኑዛዜያቸውም ቀሚሶቻቸው ለቤተ ክርስቲያን አልባሳት እንዲውሉ ጠየቁ።

ሠዓሊው ሃንስ ሆልባይን በዚያው ዓመት ግድም የሄንሪን ሦስተኛ ሚስት የጄን ሲሞርን ምስል ሣለ። በእጅጌያቸው ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ጥልፍ በግልጽ ይታያል። ስፌቱ ዛሬ የሆልባይን ስፌት የሚባለው በእንዲህ ዓይነቶቹ ሥዕሎቹ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስሙ ለሣለው እንጂ ለጠለፈችው አልደረሰም።

የንግሥትነት ማዕረግ በአዋጅ ይገፈፋል፤ በልጅነት የተማሩት የእጅ ሙያ ግን ከባለቤቱ አይለይም። የሚጠፋው የሠሪው ስም ነው። በኢሉባቦር ከተሞችም ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት የሚተላለፈው የጥልፍ ንድፍ የጠላፊዋን ስም አይዝም። ንድፍን ለክቶ በወረቀት ማስፈር የመሐንዲስ የዕለት ሥራ ነው። በመቱም ሆነ በጎሬ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት ይህን ሙያቸውን ለዚህ ቢያውሉትና ከንድፉ ግርጌ የጠላፊዋን ስም ቢያኖሩ፣ በካተሪን ዘመን የተፈጸመው ጉድለት በእኛ ዘመን አይደገምም።