ባልዋን ለማግኘት ባሕር የተሻገረች ሴት፤ የሮዚና ክራፍ የሕይወትዋ ታሪክ

የአባትን ቤት ትቶ ወደ ባል አገር መሄድ ከጥንት ጀምሮ የብዙ ሴቶች ዕጣ ሆኖ ኖሮአል። ርብቃ ያላየችውን ይስሐቅን ለማግባት ከወገኖችዋ ተለይታ ሩቅ መንገድ ሄደች፤ ሩትም የሞዓብን ምድር ትታ ወደ ቤተ ልሔም ገባች። በዘመናችንም ብዙ ሴቶች፥ ብዙ ወንዶችም፥ የትዳር ጓደኛቸው ወዳለበት አገር ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ገና በመንገድ ሳሉ የሚያስቡት ስለ ሰርጉና ስለ አዲሱ ቤት ብቻ ነው፤ ከሰርጉ በኋላ ስለሚመጣው ረዥም ዘመን ግን አያስቡም። እንግዲህ ለእነርሱም ለሚጠሩአቸውም ትምህርት ይሆን ዘንድ የሮዚና ክራፍን ታሪክ እንጽፋለን። በዚህ የተጻፈው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሮዚና በትውልድ ስምዋ ሮዚና ዲትሪክ ትባል ነበር፤ አገርዋም በስዊስ ምድር ያለችው የባዝል ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ወንጌልን ለማስተማር ወደ ሩቅ አገር የሚላኩ ሰዎች የሚማሩበት ትልቅ ቤት ነበረ፤ ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍም የተማረው በዚያው ነው። እርሱም በእንግሊዝ አገር ባለው የቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1839 ዓ.ም. ከጓደኛው ከኢዘንበርግ ጋር አንኮበር ገብቶ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ስለ ተመለሰ፥ ክራፍ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነበረ።

በ1842 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ክራፍ ሮዚናን አግብቶ ለመመለስ ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ግብጽ ጕዞ ጀመረ። ነገር ግን በወሎ ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የሚባል የአገሩ ገዥ ያዘው፥ ገንዘቡንና ዕቃውንም ሁሉ ወሰደበት። ምጽዋ የደረሰው የሰው ቸርነት እየለመነ ነው። ሮዚናም በበኩልዋ ወላጆችዋንና ቋንቋዋን ትታ ከባዝል ወጣች፥ የሜዲትራንያንንም ባሕር ተሻግራ ግብጽ ደረሰች። በዚያው ዓመት በመከር ወራት ተጋቡ። ሙሽራው ወደ ሰርጉ የመጣው ሀብት ይዞ ሳይሆን ተዘርፎ ነው፤ እርስዋ ግን ስለዚህ ወደ ኋላ አላለችም።

ሁለቱም ኑሮአቸውን በሸዋ ለማድረግ አስበው ወደ ታጁራ ሄዱ፤ በዚያም የሸዋ በር እንደ ተዘጋባቸው አወቁ። ከዚህ በኋላ ከኢዘንበርግና ከሌላ ጓደኛ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ትግሬ ለመግባት ተነሡ። ይህም በ1843 ዓ.ም. ነው። ሮዚና በዚያን ጊዜ ፀንሳ ነበር። በባሕሩ ዳርና በደጋው መካከል ባለው በሳሆ በረሃ ሳሉ ቀኑ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፤ ቤት በሌለበት፥ ሐኪምና አዋላጅም በማይገኝበት ስፍራ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቈይታ ሞተች። አባትዋም በአማርኛ ቋንቋ እንባ ብሎ ሰየማት። ከባዝል የመጣች እናት የመጀመሪያ ልጅዋን በእኛ ቋንቋ ስም ጠርታ በበረሃ ቀበረቻት፤ ጕልበትዋም ሳይመለስ መንገድዋን ቀጠለች። ትግሬ በደረሱም ጊዜ እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውምና ተመልሰው ወጡ።

ሰው ይህን ሲሰማ ክራፍን ሊወቅስ ይችላል፤ ወቀሳውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ፀንሳ ያለችን ሴት በበረሃ ማስጓዝ ከባድ ነገር ነውና። ነገር ግን የዚያን ጊዜ መንገደኞች ሁሉ ክረምትንና በጋን፥ የመሪዎችንም ፈቃድ እየጠበቁ ስለሚሄዱ፥ ማረፍ ሲፈልጉ ማረፍ አይችሉም ነበር።

ጓደኞቻቸው ወደ ሌላ አገር ተለይተው ሲሄዱ ክራፍ ግን ከደቡብ በኩል፥ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር፥ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ የሚያደርስ መንገድ እፈልጋለሁ ብሎ አሰበ። ሮዚናም ከእርሱ አልተለየችም። በ1843 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከዓደን በዐረብ ጀልባ ተሳፈሩ፤ ጀልባውም ውኃ እያስገባ ሊሰጥም ስለ ተቃረበ ወደ ዓደን ተመልሰው እንደ ገና ተነሡ። በ1844 ዓ.ም. በጥር ወር ዛንዚባር ደረሱ፤ ሱልጣን ሰዒድም ለባሕር ዳር ገዥዎች የአደራ ደብዳቤ ጻፉላቸው። በግንቦት ወር በሞምባሳ ደሴት ቤት ይዘው ተቀመጡ። ከተጋቡ ጀምሮ ቤታችን ለማለት የቻሉት በዚህ ነው። ክራፍ የስዋሂሊን ቋንቋ እየተማረ በሰኔ ወር ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጐም ጀመረ፤ ሮዚናም ሁለተኛ ልጅዋን የምትወልድበትን ቀን ትጠብቅ ነበር።

የሞምባሳ ቤታቸው ግን ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆየ። በሐምሌ መጀመሪያ ሁለቱም በንዳድ ታመሙ። ሐምሌ 6 ቀን ሮዚና ሴት ልጅ ወለደች፤ ሐምሌ 13 ቀንም ዐረፈች። ባልዋ በአጠገብዋ በንዳድ ተኝቶ ስለ ነበር መሞትዋን ለማረጋገጥ እንኳ በጭንቅ ተነሣ። እርስዋ ከመሞትዋ በፊት ስለ ዘመዶችዋ፥ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብና ስለ ሱልጣኑ ጸለየች፤ መቃብርዋም በደሴቱ ሳይሆን ማዶ በየብሱ ላይ፥ የአገሩ ሰዎች በሚያልፉበት መንገድ እንዲሆን ለመነች። የሚያልፉት ሁሉ አይተው ለምን እንደ መጣች ያስቡ ዘንድ ፈልጋ ነው። ሕፃኒቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ሞታ በእናትዋ አጠገብ ተቀበረች።

ክራፍ ከኀዘኑ ሲጽናና ለላኩት ሰዎች ጻፈላቸው፤ ይህ ብቸኛ መቃብር ሥራው የተጀመረበት ምልክት እንደ ሆነ፥ ከዚህም የተነሣ ተስፋ መቍረጥ እንዳይገባቸው አሳሰባቸው። በ1846 ዓ.ም. ዮሐንስ ሬብማን መጣለት፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት በራባይ የሚሲዮን ጣቢያ መሠረቱ። በ1875 ዓ.ም. ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የሚኖሩባት ፍሬር ታውን የተባለች መንደር በዚያው በየብሱ ላይ ተቈረቈረች። የሮዚናም መቃብር ከሞምባሳ ማዶ እስከ ዛሬ ይታያል።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ወደ ትዳር ጓደኛው የሚሄድ ሰው የሚሄደው ወደ ሰውየው እንጂ ወደ ተድላ እንዳልሆነ ይወቅ። ሮዚና ባልዋን የተዘረፈ ሆኖ አገኘችው፥ ቤትም ሳይኖራት ሁለት ዓመት ያህል ተንከራተተች፤ ነገር ግን ያገባችው ሰው እርሱ ነበርና አልተወችውም።

ሁለተኛ፤ የትዳር ጓደኛውን ከሩቅ አገር የሚጠራ ሰው ታላቅ ዕዳ እንዳለበት ይወቅ። የጠራት ሴት በዚያ አገር እናትና እኅት፥ ጎረቤትም የላትም፤ ለእርስዋ ይህን ሁሉ መሆን የሚገባው እርሱ ነው። እርሱ የለመደው ነገር ለእርስዋ እንግዳ ነውና፥ በትዕግሥት ያስተምራት፤ ዝምታዋንም እንደ ደስታ አይቍጠረው። በደከመች ጊዜ ሥራዬ ይበልጣል ብሎ አይለፋት።

ሦስተኛ፤ ወደ አዲስ አገር የገባ ሰው የዚያን አገር ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ ይቍጠር። ሮዚና በሞት አልጋ ላይ ሳለች ጥቂት ወር ብቻ ለሚያውቋት ሰዎች ጸለየች፥ በመካከላቸውም መቀበርን መረጠች። በእንግድነት ያለ ሰው ልቡን ሁልጊዜ በተወው አገር ላይ ብቻ ቢያደርግ በሁለቱም አገር እንግዳ ይሆናል። የሚኖርበትን ሕዝብ ግን የወደደ ሰው ዘመኑ ቢያጥርም ቤት አግኝቶአል።