የዳሞቱ ሞቶሎሚ፤ በሁለት ትዝታ የሚኖር ንጉሥ

ገድለ ተክለ ሃይማኖት ሲነበብ ሰምቶ ያደገ የደብር ልጅ ሁሉ ሞቶሎሚ የሚለውን ስም አይረሳም። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ድንገት ደርሶ አገር የሚያጠፋው፥ የሰው ሚስት ነጥቆ የሚሄደው ጨካኝ ንጉሥ እርሱ ነውና። ከዚሁ የደብር ልጅ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይዞ የሚሠራ የወላይታ ተወላጅ ግን ያንኑ ስም ሲሰማ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። ለእርሱ ሞቶሎሚ የወላይታ መንግሥት መሥራች፥ የነገሥታቱ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ስሙም የሚጠራው ካዎ ሞቶሎሚ ተብሎ ነው። ካዎ በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ባልደረቦች ስለ አንድ ሰው ሲነጋገሩ አንዱ ስለ ቀማኛ፥ ሌላው ስለ አባት ይናገራል ማለት ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሰውየው የኖረበት ዘመን 13ኛው መቶ ዓመት ነው። በሰሜን የዛጉዌ መንግሥት እየደከመ ሄዶ በ1262 ዓ.ም. ዐፄ ይኩኖ አምላክ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። እኛ በትምህርት ቤት የነገሥታትን ስም በተራ ስናጠና ከዛጉዌ በቀጥታ ወደ ይኩኖ አምላክ እናልፋለን፤ በመካከሉ ሌላ ኃያል መንግሥት ያልነበረ ይመስለናል። ነገር ግን ከዐባይ ወንዝ በስተደቡብ ዳሞት የሚባል፥ ክርስቲያንም እስላምም ያልሆነ፥ በወርቁ የታወቀ ታላቅ መንግሥት ነበረ። የዳሞት ንጉሥ ጉልበት እስከ ሸዋ ይደርስ ነበረ። በሸዋ የነበሩት ክርስቲያኖች ጥቂትና የተበታተኑ ስለ ነበሩ ከሰሜን የሚደርስላቸው ጦር አልነበረም። ገድሉ የሞቶሎሚን ግዛት ሲያሰፋ እስከ ጀማ ወንዝ ያደርሰዋል፤ ጀማ ዛሬም በሰሜን ሸዋ የሚፈስሰው ወንዝ ነው።

ሞቶሎሚ በገድሉ ውስጥ የሚገባው በዘረፋ ነው። ሠራዊቱ ወደ ሸዋ ወጥቶ አብያተ ክርስቲያናትን እያፈረሰ፥ ሰውና ከብት እየማረከ እስከ ጽላልሽ ዞረሬ ድረስ መጣ። በዚያ ጸጋ ዘአብ የሚባል ካህን ከሚስቱ ከእግዚእ ኀረያ ጋር ይኖር ነበረ። ጸጋ ዘአብ ከፊቱ የመጣውን ወታደር ሸሽቶ ወደ ውኃ ዘልሎ ገባ፤ ውኃውም ሸሸገው። ሚስቱ ግን ተማረከች። ወታደሮቹ መልኳን ባዩ ጊዜ ይህች ለንጉሥ እንጂ ለጭፍራ የምትገባ አይደለችም ብለው ወደ ዳሞት ወሰዷት።

ሞቶሎሚም ባያት ጊዜ ሊያገባት ወሰነ። የሐር ልብስና የወርቅ ጌጥ አለበሷት፤ መኳንንቱ በየአገሩ ተጠርተው ለሠርጉ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ግብዣው እየተሰናዳ ሳለ ቅዱስ ሚካኤል ወርዶ ሴቲቱን በክንፉ ተሸክሞ ወደ አገሯ መለሳት። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከገድሉ ሁሉ የሚያምረው ክፍል ነው። ጸጋ ዘአብ በቤተ ክርስቲያን ዕጣን እያጠነ ሳለ በሐርና በወርቅ የተሸለመች ሴት ቆማ አየ፤ ማን እንደ ሆነችም አላወቃትም። የቀማኛው ንጉሥ የሠርግ ልብስ የገዛ ሚስቱን ከዐይኑ ሰወረበት። ከዚያ በኋላ መጋቢት 24 ቀን ተፀንሶ ታኅሣሥ 24 ቀን የተወለደው ልጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

በዚያን ዘመን ሰው መማረክ፥ ከብት መንዳት፥ ያልገበረውን አገር ማቃጠል የዳሞት ብቻ ሥራ አልነበረም። የመንግሥት ግምጃ ቤት ይሞላ የነበረው በዚሁ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ንጉሥ ይህንኑ ያደርግ ነበረ። ስለዚህ ሞቶሎሚን ከሌሎቹ ለይቶ ክፉ ማድረግ አይቻልም። ይሁን እንጂ ዘመኑ እንዲያ ነበረ እያሉ ነገሩን ማቅለልም ለእኔ አይዋጥልኝም። ባሏን ውኃ በልቶት ይሁን ሰይፍ ሳታውቅ በማይታወቅ አገር የሐር ልብስ ለለበሰች ሴት ዘመኑ ምን ያጽናናታል? አንዳንድ ወጣት ጸሐፊዎች ሞቶሎሚን ሲያወድሱ ይህን ክፍል ዘለው ሲያልፉ አያለሁ። ሳይዘለል ቢጻፍ ይሻላል፤ ያለዚያ የሚከተለው ነገር ትርጕም ያጣል።

የሚከተለውም እንዲህ ነው። ዓመታት አለፉ። የእግዚእ ኀረያ ልጅ አደገ፤ ክህነት ተቀበለ፤ ወንጌልን እየሰበከ በከተታ ከቆየ በኋላ ወደ ደቡብ ተጓዘ። እግሩም እናቱ ተማርካ ወደ ነበረችበት ወደ ዳሞት አደረሰው። የንጉሡ ጠንቋዮችና አማልክት አገልጋዮች ጻድቁ አገሩን እንዳናወጡባቸው ከሰሱ። ሞቶሎሚም አስይዞ ከገደል አፋፍ ላይ እንዲወረወሩ አዘዘ። ተወረወሩ፤ ነገር ግን አልሞቱም። ንጉሡ ባይገባውም ፈራ፤ መፍራት ደግሞ የመጠየቅ መጀመሪያ ሆነለት።

አባቶች ሲተርኩት፥ ንጉሡ በሠርጉ ዋዜማ ከእጁ ስለ ጠፋችው ስለዚያች ሴት ለጻድቁ አወጋቸው፤ ጻድቁም የእርስዋ ልጅ መሆናቸውን ነገሩት። በዚህ ቦታ ላይ አንባቢ ጥቂት ቢያስብ መልካም ነው። ንጉሡ በጉልበት ሊወስዳት ያልቻላት ሴት ልጅዋን ልካ በፈቃዱ ወሰደችው ማለት ይቻላል። ሊበቀልም ሊፈርድም የሚገባው ልጅ ሊያጠምቀው መጣ። ሞቶሎሚም አመነ፤ ከመኳንንቱና ከሕዝቡ ጋር ተጠመቀ፤ የጣዖቱ ቤቶች ፈርሰው በስፍራቸው አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ። ገድሉ ከዚህ በኋላ በክፉ አያነሣውም።

እንዲህ ያለ ሰው በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። የኪየቩ መስፍን ቭላዲሚር ወንድሙን አስገድሎ ዙፋን የያዘ፥ የፖሎትስክን መስፍን ገድሎ ልጁን ሮግኔዳን በግድ ያገባ ሰው ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ988 ተጠመቀ፤ ሕዝቡንም አስጠመቀ፤ ዛሬ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ትለዋለች። የሩስያ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የቀድሞ ሥራውን አልሸሸጉም፤ እንዲያውም ዘርዝረው ጻፉት። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በብዙ እጅ የሚነበበው የደብረ ሊባኖስ ገድል የተጠናቀረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ ጻድቁ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሲያነብበው መነኮሳቱ የጻፉት ለምእመናን ትምህርት መሆኑን ሊያስታውስ ይገባዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በታተመው ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፋቸው ገድሎችን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር እያስተያዩ የዳሞትን ኃያልነት አስረድተዋል። ሞቶሎሚ የሚለውም ስም የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የዳሞት ነገሥታት መጠሪያ ማዕረግ ሊሆን እንደሚችል ታሪክ ጸሐፊዎች ያመለክታሉ። ይህ ከሆነ ዘራፊውና ተጠማቂው፥ ምናልባትም የወላይታው መሥራች፥ በአንድ ስም የተጠሩ አባትና ልጅ ወይም አያትና የልጅ ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። የሕዝብ ትዝታ ግን ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ሰው አድርጓቸዋል።

የዳሞት ነጻነት ብዙ አልቆየም። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1309 ዓ.ም. ገደማ ዘምተው ዳሞትንም ሐድያንም አስገበሩ። ዳሞት ከዚያ በኋላ የክርስቲያኑ መንግሥት ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ ጦርነትና ቀጥሎም የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት አገሩን በለወጡት ጊዜ ከዳሞት ሰዎች ብዙዎቹ ዐባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ። ደጋ ዳሞት የሚባለውን የጎጃም ወረዳ ስም ያወረሱት እነርሱ ናቸው።

ስሙ ግን በደቡብም አልጠፋም። ወላይታ ሶዶ ከተማ የተሠራችው በዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል የሚመጣ መንገደኛ ተራራውን ከሩቅ ያየዋል። በዞኑ ዳሞት ጋሌ፥ ዳሞት ወይዴ፥ ዳሞት ሶሬ፥ ዳሞት ፑላሳ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። በዳሞታ ያለውንም ደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖትን የአካባቢው ትውፊት ጻድቁ ራሳቸው መሠረቱት ይላል። አንድ መንግሥት ከፈረሰ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስሙ እንዲህ በተራራና በወረዳ ላይ ተጽፎ ሲቀር ተራ ነገር አይደለም። የወላይታ ሽማግሌዎች የሚተርኩት የነገሥታት ሐረግም የሚጀምረው ከሞቶሎሚ ነው፤ የእርሱ ወገን ወላይታ ማላ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የነገሠው ሥርወ መንግሥት ትግሬ ተብሎ የሚጠራው ሲሆን፥ ከትግራይ በመጣ ሚካኤል በሚባል ሰው እንደ ተመሠረተ ይነገራል። የዚህ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በዘመቱ ጊዜ ካዎ ጦና ብርቱ ውጊያ ተዋግተው፥ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሞቶሎሚ ጊዜ ከደቡብ የመጣ ጦር የሸዋን ሰው ማርኮ ወሰደ፤ በጦና ጊዜ ደግሞ ከሸዋ የወረደ ጦር የወላይታን ሰው ማርኮ ወሰደ። በሁለቱም ዘመን የምርኮኛ እናቶች አለቀሱ። ሸዌው ስለ መጀመሪያው ብቻ፥ ወላይታው ስለ ሁለተኛው ብቻ ቢያስታውስ የሰው ጠባይ ነው፤ ነገር ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ፥ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ለሚማሩ ወጣቶች ግማሹ ታሪክ አይበቃቸውም። የሞቶሎሚ ነገር ለዚህ የተመቸ ነው፤ የጥፋቱንም የመለወጡንም ወሬ ጠብቀው ያቆዩልን የተጠቁት ራሳቸው ናቸውና። እርሱን የበደላቸው ሰዎች መጽሐፍ ባይጽፉ ኖሮ ስለ ወጣትነቱ ጉልበትም ሆነ ስለ ጥምቀቱ የምናነብበው አይኖርም ነበረ።

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ ዕረፍት በሚከበርበት ዕለት ብዙ ሰው ወደ ደብረ መንክራት ይወጣል፤ ገድሉም ይነበባል፤ ሞቶሎሚም እንደ ልማዱ ይዘርፋል፥ ይደነግጣል፥ ይጠመቃል። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፥ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ፥ ያው አገር ጊፋታን ያከብራል። በዚያን ዕለት የካዎዎቹ ስም ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የሞቶሎሚ ነው።